የላይኛው ስም ብቻ ይቀራል

መስከረም 12

የሁለት ሳምንቱ ድልድል ዛሬ አለቀ። ተመስገን። ከነርሶቹ ማን ጠዋት፣ ማን ከሰዓት፣ ማን አዳር እንደሚገባ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ገና ሙጫውን ሳልጨርስ ከኋላዬ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። «ዳኛዬ፣ እሁድን ፈረድሽብኝ?» ዳኛ ነው የሚሉኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ከእኔ በታች የጽዳት ባልዲ ብቻ እንዳለ ረስተውት ነው።

አለቃችን ከመነጽራቸው በላይ አዩትና «ውብ ነው» አሉ። በሌሉበት «ማስመሪያ» እንላቸዋለን። ማስመሪያ ከእጃቸው አይጠፋም፤ ሻያቸውንም የሚያማስሉበት ይመስለኛል። ኮምፒውተር ላይ በምሠራው ሠንጠረዥ የክፍሉ ስም በአንድ ትልቅ ሳጥን፣ ልክ መሃል ላይ፣ ደመቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። አንዲት ነርስ ሳምንቱን ሙሉ አዳር ከሆነች የሳምንቱ ትንንሽ ሳጥኖች፣ ሴሎቹ ሁሉ፣ ተዋሕደው አንድ ረጅም ሳጥን መሆን አለባቸው። መርጅ ማድረግ ነው የምንለው። ሲያዩት እውነትም ያምራል። ሥራ ላይ ግን መከራ ነው። ኮምፒውተሩን በስም ተራ አሰልፈው ስለው «የተዋሃዱት ሴሎች እኩል ካልሆኑ አይሆንም» ይለኛል። የማን አዳር እንደበዛ ቁጠርልኝ ስለው ሳምንት ሙሉ ያደረችውን ሴትዮ አንድ ቀን ብቻ ይቆጥርላታል።

ስለዚህ ምን አደርጋለሁ? መጀመሪያ ሁሉንም እፈታለሁ። ሲፈታ ጽሑፉ የሚቀረው የመጀመሪያዋ ሴል ላይ ብቻ ነው፤ የቀሩት ባዶ። ባዶዎቹን እሞላለሁ፣ አሰልፋለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ አደላድላለሁ። ይኼ የኔው ነው፤ ዝርክርክ፣ ፉንጋ፣ ማንም የማያየው። ከዚያ ቁጭ ብዬ መልሼ አዋሕድና ጌጡን ለማስመሪያ አቀርባለሁ። በሁለት ሳምንቱ እንደገና... ውሃ ወቀጣ ማለት ይኼ ነው።

«ካንቺ ሌላ ማን ይችለዋል!» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ከሥራ ስወጣ እማዬ ጋ ደወልኩ። ገና ሳልተነፍስ «ሚጣ ነሽ?» አለች። በምን እንደምታውቀኝ እንጃ። አደግሁ፣ ሸበትኩ፣ ለሷ እስከዛሬ ሚጣ ነኝ።

መስከረም 15

ሁሉም ከእሁድ አዳር ውጪ አድርጊኝ ይላሉ። አንዷ አክስቷ ታማለች፣ አንዷ እሷው ታማለች፣ አንዷ «ልታመም ነው መሰለኝ» አለችኝ። ጉድ እኮ ነው።

መስከረም 19

ተፈቀደ! እናቴ ያለችበት ከተማ ያለው ሆስፒታል ዝውውሬን ተቀበለ። የድልድል ሠራተኛቸው ለቃባቸዋለች፣ እስከ ኅዳር አጋማሽ ይጠብቁኛል። የሚቀረኝ የዚህኛው መልቀቂያ ብቻ ነው። ስንት ዓመት ላም አለኝ በሰማይ ስል የኖርኩት ነገር...

ለእትዬ ነገርኳት። ታላቄ ናት፤ እናታችንን የያዘቻት እሷ ናት። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ «መቼ ትደርሻለሽ?» ብቻ አለችኝ።

«ምነው እትዬ?»

«ስም መሳት ጀምራለች። ሐኪሙ እየባሰ ነው የሚሄደው አለኝ። በእናትሽ፣ ሳትረሳሽ ድረሺ።»

ሳትረሳኝ? እኔን?

ማስመሪያ ደብዳቤውን ደጋግመው አነበቡት። «እናት ትቀድማለች» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቀጥለው ግን «ተተኪ ይላክልናል። አስለምጃት። ድልድሉን ብቻዋን ሠርታ ያየሁ ዕለት እፈርማለሁ» አሉኝ። ይኼ ደግሞ ምን ይከብዳል?

መስከረም 24

ደወልኩ። «እሜቴ ነሽ?» አለችኝ እማዬ።

እሜቴ የምትለው እትዬን ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ፤ ቤቱን ስለምታዝ። እትዬ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብላለች።

«ኧረ እኔ ሚጣ ነኝ!»

«ውይ! ሚጣዬ! ድምፅሽ እኮ እሜቴን ሆነ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከልቤ ግን አልነበረም።

መስከረም 30

ተተኪዋ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ አዲስ ጫማዋ እየላጣት በአንድ እግሯ ነው የምትቆመው። የምታውቀው አንድ ቃል ነው። «ወንበርሽ ይኸውልሽ።» «እሺ።» «ከመስኮቱ ብርድ ይገባል።» «እሺ።» ምሳ ሳይደርስ ነርሶቹ «እሺ» የሚል ስም አወጡላት። ስሟ መሆኑን ሲነግሯትም «እሺ» አለች።

ወደድኳት። መንገዴ ናት፣ እንዴት አልወዳት?

ጥቅምት 3

ማስተማር ጀመርን። መርጅን አሳየኋት። ስሞች ያሉባቸውን ሴሎች ስታዋህጂ የላይኛው ብቻ ይቀራል ሌላው ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ? ብሎ ይጠይቅሻል፤ ያኔ ቆም በይ አልኳት።

«መልሼ ስፈታውስ?»

«የላይኛው ይገኛል።»

«ሌሎቹስ የት ይሄዳሉ?»

«የትም። የሉም በቃ።»

«እሺ።» ትንሽ አሰበች። «ታዲያ መልሰን ልናዋሕደው ለምን እንፈታዋለን?»

«ለመሥራት ነዋ!»

«ሠርተን ከጨረስንስ በኋላ ለምን እናዋሕደዋለን?»

አፌ ውስጥ ያለው «ማስመሪያ ስለሚወዱት» የሚል ብቻ ነው። ይኼን ለልጅ እንዴት ይሏል? ቆሽቴ አረረ። «ዝም ብለሽ የምልሽን አትሠሪም?» ብዬ ጮኽኩባት። «እሺ» አለች። እንደሌላው ጊዜ እሺ አልነበረም።

ጥቅምት 4

ለምን ጮኽኩ? ምን አጠፋች? ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። «እሺ» አለች። ታረቅን መሰለኝ።

ጥቅምት 10

አብረን ሠራን። ሠራን ማለት እኔ ሠራሁ፣ እሷ አየች። «አሁን ምን አደረግሽ?» ስትለኝ እኔም አላውቀውም። እጄ ያውቃል፣ አፌ አያውቅም። እዚህ ጋ ፈታ፣ እዚያ ጋ ሞላ፣ ይቺን ሳጥን ትንሽ ቆይተሽ፣ ያችኛዋን አትንኪያት... ሳስበው ያበድኩ ሰው ነው የምመስለው። ለማን ልናገረው?

ማስመሪያ ገቡ፣ አዩ፣ «ውብ ነው» ብለው ወጡ።

የሚቀጥለውን ብቻዋን ትሠራለች። እኔ እንዳልነካ ታዝዣለሁ።

ጥቅምት 13

እትዬ ደወለች። እማዬ ከበር ወጥታ ጠፍታ ነበር። አንድ ጫማ ሰፊ አግኝቶ ይዟት መጣ። «ልጆቼን ከትምህርት ቤት ላመጣ ነው» ብላዋለች።

ልጆቿ... ትልቋ ልጇ ስልኩን ይዛ ታለቅሳለች።

ጥቅምት 20

ለአከራዬ ቤቱን እንደምለቅ ነገርኩ። «ሰው አግኝቻለሁ፣ ወር መጨረሻ ይገባል» አለች፣ ደስ እያላት። ዕቃዬን ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ብርድ ልብሱ፣ ድስቶቹ፣ መጽሐፎቹ ገቡ። አንድ ብርጭቆና አንድ ሳህን ብቻ ውጪ ተዉኩ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ያስተጋባል ለካ። ዘፈንኩበት።

ጥቅምት 24

እሺ ዛሬ ብቻዋን ሠራች። እኔን ማስመሪያ መዝገብ ቤት አስቀመጡኝ፣ «እንዳታሾልኪላት» ብለው። እንደ ፈተና ጠባቂ መሃላችን ቆሙ። በመስታወቱ አያታለሁ፤ ትሠራለች፣ ታጠፋለች፣ ትሠራለች። ማስመሪያ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ይሏታል፣ «እሺ» ትላለች፤ ከንፈሯን አየሁት።

ታተመ። ተለጠፈ። ከሩቅ አየሁት፣ ያምራል። ማስመሪያ ጨበጡኝ። «ነገ እፈርማለሁ።»

እትዬ ጋ ደውዬ ጮኽኩ። እሷም ጮኸች። እማዬ ከኋላ «ምን ሆናችሁ?» ትላለች።

ጥቅምት 25

ምን ልጻፍ? ከየት ልጀምር?

ጠዋት ስገባ የሕፃናት ክፍል ኮሪደር በጩኸት ተሞልቷል። ግቢው ውስጥ ስንሰማው የሰው ሞት መስሎን ነበር። አንዲት እናት ናት። የልጇ ግሉኮስ አልቆ ደሙ በቱቦው ወደ ላይ ተመልሷል፤ ነርስ ብላ ብትጣራ የሚመጣ ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ ያለችው አንዲት ረጅም ነርስ ብቻ ነች። ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ ነጠላ ጫማዋ ወልቋል፣ በካልሲ ነው የምትሮጠው። «ሌሎቹስ?» አልኳት። ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ።

ቀረብ ብዬ አየሁት።

የሕፃናት ክፍል ነርሶች ስም የነበረበት ቦታ ሁሉ አንድ ሳጥን ሆኗል። መሃሉ ላይ፣ በደማቁ፣ የረጅሟ ነርስ ስም ብቻ። ጠዋትም እሷ፣ ከሰዓትም እሷ፣ አዳርም እሷ። ሌሎቹ ስማቸውን ፈልገው ሲያጡ «ዕረፍት ነን» ብለው እየተሳሳቁ ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

እሺን መጋዘን ውስጥ አገኘኋት፣ አንሶላ ክምር ላይ። «ጋሼ ስሞቹ ተበታትነዋል፣ ሰብሰብ አድርጊያቸው፣ ክፍሉ አንድ ወጥ ይምሰል አሉኝ... መርጅ አደረግኳቸው። ልቀጥል ወይ ሲለኝ...»

«እሺ አልሽ።»

«እሺ አልኩ።»

ምን ብዬ ልቆጣት? ለሁሉም ነገር እሺ በይ ብለን ያስተማርናት እኛ አይደለን?

ሕፃኑ ደህና ነው። በስልክ እየተጠሩ ሁሉም ገቡ። ከሰዓት ማስመሪያ አስጠሩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ስለ ሳጥኑ ምንም አላሉም። እኔም ምላሴን ነከስኩ።

«መልቀቂያው ይቆይ» አሉ።

«ጋሼ! ዛሬ እፈርማለሁ ብለውኝ...»

«አየሽ እኮ! አንቺ ከሌለሽ ሰው ይሞታል። ካንቺ ሌላ ማን ይችለዋል?»

ያችው ሙገሳ። ዛሬ ግን አንገቴ ላይ እንደ ገመድ ነው የተሰማችኝ።

ጥቅምት 26

ጌጡን አስተካክዬ ለጠፍኩ። ምን ላድርግ? ልጆች ይሙቱ?

ጥቅምት 27

አዲሱ ሆስፒታል ደውሎ «ከኅዳር አጋማሽ በላይ አንጠብቅም» አለኝ። እሺ አልኩ። ለካ እኔም እሺ ነኝ።

ከእትዬ ጋር ተጣላን።

«አለቃዬ አልፈርምም አሉ እትዬ።»

«አንቺ ብቻ ነሽ ሥራ ያለሽ? እኔስ ሥራ የለኝም? ሌሊት እየተነሳች በሩን ስትገፋ የምይዛት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ጥዬ ልምጣ? መልቀቂያ ከሌለኝ እዚያ አይቀጥሩኝም፣ እዚህም ያባርሩኛል። ሦስታችንም አንቺ ጫንቃ ላይ?»

«ኑሪበት!» ብላ ዘጋችው። ከዚያ መልሳ ደወለች። «ደህና ዋይ» ተባባልን። እሷም ታስራለች። የኔን እስር ብቻ ነበር የማስበው።

ጥቅምት 28

አከራዬ በሩ ላይ ቆማ «መቼ ነው ታዲያ?» አለች። አዲሱ ተከራይ መስኮቱን ሲለካ አገኘሁት፣ መጋረጃ ሊሰፋ። ጥቂት ጊዜ ለመንኳት። እስከ ኅዳር አጋማሽ ሰጠችኝ። ዓለም ሁሉ በኅዳር አጋማሽ ተስማምቷል።

ካርቶኖቹን መፍታትም አልፈልግም፣ ማየትም አልፈልግም። ማንኪያ ልፈልግ ብዬ ሦስቱን በረበርኩ። በመጨረሻ በእጄ በላሁ።

ጥቅምት 30

ደወልኩ። እማዬ ራሷ አነሳችው።

«እማ!»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ እማ። ሚጣ።»

ስልኩን ሳታርቅ ተጣራች፦ «እሜቴ! አንዲት ሴትዮ ስልክ ላይ አለች፣ ሰው ተሳስታ መሰለኝ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ከአውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። ሌላው መጣ። ሰው ሁሉ ይሳፈራል፣ እኔ ቁጭ ብያለሁ። አንዲት ሴት «ታመምሽ እንዴ እህቴ?» አለችኝ። አልታመምኩም። ሰው ተሳስቼ ነው።

ኅዳር 2

ለእሺ ልናገር አልፈለግሁም፣ ግን ምሳ ሰዓት ላይ እንባዬ መጣ። ሁሉንም ነገርኳት። የእማዬን፣ የእትዬን፣ የኅዳር አጋማሹን። ሰምታ ሰምታ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ» አለች።

«ተይው።»

«አንድ ነገር ልንገርሽ? አትቆጪ።»

«አልቆጣም።»

«በቀደም ያንቺ ኮምፒውተር ላይ ያንን ዝርክርኩን ከፍቼ አየሁት። ያልተዋሃደውን። እሱ እኮ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ መስመር ላይ የክፍሉ ስም አለ፣ የነርሷ ስም አለ፣ ተራዋ አለ። አሰልፍ ስትይው ይሰለፋል። ማንም ይሠራዋል። እኔ ያቃተኝ ጌጡ ነው።»

አየኋት። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ያህል ተናገረች፣ እሱም አስደነገጠኝ።

በየሁለት ሳምንቱ ቀላሉን እየደበቅኩ ከባዱን ለጠፍኩ። ከባዱን የሚችል ሰው ደግሞ ከወንበሩ አይነሳም። ማን አሰረኝ? ማስመሪያ? ማስመሪያማ መጥተው «ውብ ነው» ብለው ይሄዳሉ። ቋጠሮውን በየሁለት ሳምንቱ የማጠብቀው እኔ፣ ሙገሳውን የምቀበለው እኔ። በገዛ እጄ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፤ እኔማ ጭራሽ እሳቱን ስቆሰቁስ ነው የኖርኩት።

ኅዳር 5

ወስነናል። የኅዳር 8ቱን እሺ ትሠራለች፤ ዝርክርኩን። አንዲትም ሴል ሳትዋሃድ ይለጠፋል። «ጋሼ ቢቆጡስ?» አለችኝ። «የሚቆጡት እኔን ነው» አልኳት።

ልፍራና ልቅር? መፍራት ቢሆን ኖሮ ፌርማታው ላይ ነበር የምፈራው።

ኅዳር 8

ተለጠፈ።

አቤት ማስጠላቱ! ሳጥን የለው፣ መሃል የለው፤ «ሕፃናት፣ ሕፃናት፣ ሕፃናት፣ ሕፃናት» እያለ እስከ ታች ይወርዳል። የመጀመሪያዋ ነርስ መጥታ «ዳኛዬ፣ ምን ነካሽ? ማተሚያው አበደ?» አለችኝ። ሁለተኛዋ ጣቷን አስቀምጣ ቁልቁል ነዳችው፣ ስሟ ላይ ደረሰች፣ ወደ ጎን ነዳችው። «ማክሰኞ ከሰዓት» አለችና ሄደች። በቃ። ሌላ ጊዜ እኮ «ይቺ ሳጥን የማን ናት?» እያለች ነበር ቢሮዬ የምትመጣው። ዋና ነርሷም መጥተው አዩ። «ስሜ ጠፋ የሚል የለም?» አሉ። የለም። «እንኳን!» አሉና ሄዱ።

ከዚያ ማስመሪያ።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አጠለቁ። «ይኼ ምንድነው? የዕቃ ዝርዝር?»

«ድልድል ነው ጋሼ። ብቻዋን ነው የሠራችው። እኔ አልነካሁም።»

«ሳጥኑስ?»

«ሳጥን የለም።»

«አንቺ ልጅ...»

ያኔ ፈነዳሁ። ከነርሶቹ ፊት፣ ኮሪደሩ ላይ። በየሁለት ሳምንቱ እንደምፈታው፣ እንደምሞላው፣ ሠርቼ ሠርቼ ስጨርስ ለዓይንዎ ብዬ መልሼ እንደምቋጥረው፣ ረጅሟን ነርስ በካልሲ ያስሮጣት ማዋሃድ እንደሆነ፣ እናቴ ሰው ተሳስታ ነው እንዳለችኝ... ይኼን የመጨረሻውን ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ድምፄ ተሰበረ።

እሳቸው ማስመሪያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ድሮ በእጄ ነበር የምሠራው» አሉ ቀስ ብለው። «በትልቅ ወረቀት፣ በቀለም። የክፍሉን ስም መሃል ላይ ስጽፈው አንዴ ብቻ ነው የምጽፈው፤ እጄን ያሳርፈኝ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ላንቺም እንደዚያ የሚቀልሽ መስሎኝ...» ቀና ብለው አዩኝ። «ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቀን እንኳን ጋሼ ይኼ ያስቸግራል ብትይኝ፣ ትቼው ነበር እኮ።»

ትተውት ነበር።

አንድ ዓረፍተ ነገር! ያን ሁሉ ዓመት የታሰርኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እሱንም አልተናገርኩትም። በሩ ክፍት ሆኖ ቁልፍ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ስቄ ልሙት ወይስ አልቅሼ?

ቢሮ ገብተው ፈረሙ። ሲፈርሙ ስማቸው ሥር በማስመሪያ አሰመሩበት።

ኅዳር 10

ነርሶቹ ሸኙኝ። ረጅሟ አቅፋኝ ከመሬት አነሳችኝ። «ማን ይፈርድልናል አሁን?» እሺ መቀመጫዬ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ጫማዋ ለምዶላታል። «ከመስኮቱ ብርድ ይገባል፣ ልብስ ደርቢ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። እሺ አላለችም!

ኅዳር 11

ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ። ካርቶኖቹ ጣሪያ ላይ፣ እኔ መስኮት ጥግ። ታውቀኛለች? አታውቀኝም? ፊቴን ስታይ ይመጣላታል እኮ። ድምፅና ፊት አንድ አይደለም። እትዬ ተስፋ አታድርጊ ብላኛለች። አደርጋለሁ። ምን አገባት?

ኅዳር 12

ደረስኩ።

እማዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ከስታለች። ጉልበቷ ላይ የሆነ ጨርቅ ይዛለች፤ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ የልብስ ሰፊ እጅ አይቦዝንም። እትዬ በር ላይ ቆማ ቀረች፣ እኔ ተንበርክኬ የእማዬን ጉልበት ሳምኩ።

«ተነሺ ልጄ፣ አቧራ ነው» አለችኝ። ልጄ! ልቤ ዘለለ። ከዚያ ዳቦ የሚያመጣው ሰውዬ መጣ፣ እሱንም «ልጄ» አለችው።

ፊቴን አየችው። በደንብ፣ ረጋ ብላ፣ አገጬን በእጇ ይዛ። ምንም አልመጣላትም። ጥሩ ፊት እንዳየ ሰው ፈገግ አለች ብቻ።

ዘገየሁ። ማንንም አልወቅስም፣ ግን ዘገየሁ።

እትዬ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች፣ ሰማኋት። እኔ አላለቀስኩም። ቀኑን ሙሉ እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ዓይንሽ ደህና ነው? ይቺን ክር አስገቢልኝ» አለችኝ። አስገባሁላት። የምትሰፋው ነገር ምን እንደሆነ አላወቅሁትም፣ እሷም አላወቀችውም፣ ግን ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። ስለ አውቶቡሱ ጠየቀችኝ። ስለ መንገዱ። ሳቅን። አዎ፣ ሳቅን። ሾፌሩ ሲያንጎላጅ አንዲት ተሳፋሪ ጆሮውን እንደቆነጠጠችው ስነግራት እስክታስል ሳቀች። እትዬ በበሩ ብቅ ብላ አየችን። ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ አለችኝ በኋላ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን እማዬ መቁነጥነጥ ጀመረች። ወደ በሩ ታያለች፣ እኔን ታያለች።

«ልጄ፣ መሸብሽ እኮ። ሂጂ በጊዜ። እናትሽ ትጨነቃለች።»

«አትጨነቅም። የት እንዳለሁ ታውቃለች።»

«እንዲያም ሆኖ እናት ናት። ትጨነቃለች» አለችና እጄን ደባበሰችው። «ስምሽን ማን አልሽኝ?»

«ሚጣ።»

«ሚጣ» አለች። አጣጣመችው። «ደስ ይላል። ማን አወጣልሽ?»

«እናቴ።»

ራሷን በአድናቆት ነቀነቀች።

«ስም ማውጣት ታውቅበታለች» አለችኝ።